ከአንበሳሜ እስከ ጥቁር አንበሳ፦ የሳጥኑ ነገር

አንዲት የአንበሳሜ እናት ለማሕፀን በር ካንሰር የጨረር ሕክምና ታዘዘላት ማለት፣ ለብዙ ዓመታት ትርጉሙ አንድ ነበር፦ ባሕር ዳርን አልፋ፣ የዓባይን በረሃ ተሻግራ አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል መድረስ። በአገሪቱ ሌላ የጨረር ሕክምና አልነበረም። እዚያም ወረፋው በወራት ይቆጠር ነበር።

የእሷን መንገድ ሁሉም ያውቀዋል። የመድኃኒቱን መንገድ ግን ማን አስቦት ያውቃል?

ማሽኑ ጨረር የሚያወጣው ከኮባልት-60 ነበር። ኮባልት ሠራም አልሠራም በየ5 ዓመት ከ3 ወሩ ኃይሉ በግማሽ ይቀንሳል። ማሽኑ አልተበላሸም፤ ግን ቀድሞ 2 ደቂቃ ይወስድ የነበረው ሕክምና 4 ይሆናል፣ ወረፋውም ይረዝማል። ስለዚህ አዲሱ ከውጭ መምጣት፣ አሮጌውም መውጣት አለበት።

ሁለቱም የሚጓዙበትን ነገር ሳጥን ማለት ያሳንሰዋል። ጣት ለምታህል ቁራጭ በቶን የሚመዘን መከላከያ ነው። ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ «ዓይነት ቢ» ይለዋል። ናሙናው ከ9 ሜትር ከፍታ ጠንካራ ወለል ላይ ይጣላል፣ በቆመ ብረት ላይ ይወድቃል፣ በ800 ዲግሪ እሳት 30 ደቂቃ ይቆያል፣ ውኃ ውስጥ ይነከራል። የዓባይን ቁልቁለት ለሚያውቅ ሾፌር ይህ ቅንጦት አይደለም።

ችግሩ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ግን ከሳጥኑ ሳይሆን ከሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 በብራዚል ጎያኒያ አንድ ክሊኒክ ሲለቅ ትቶት የሄደውን የሲዚየም-137 ማሽን ሰዎች ለቁርጥራጭ ብረት ብለው ፈቱት፤ 4 ሰው ሞተ። በ2013 ሜክሲኮ ውስጥ ኮባልት የጫነ መኪና ተሰረቀ፤ ምንጩ ከመከላከያው ወጥቶ ሜዳ ላይ ተገኘ።

እኛስ ጋ? ቆራሌ እርሳስ ያውቃል፣ ጨረር አያውቅም። ባለሦስት ቅጠሉ የጨረር ምልክት ለፎገራ ሩዝ አምራች የቬንትሌተር ሥዕል ቢመስለው አይፈረድበትም። ለዚህም ነው በ2007 የራስ ቅልና የሚሮጥ ሰው ያለበት ቀይ ምልክት የተጨመረው። እሱም ቢሆን የሚለጠፈው መሣሪያው ላይ እንጂ የጭነት ሳጥኑ ላይ አይደለም።

አሁን በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ማሽኖች እየተተኩ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ጨረሩም ይጠፋል (መብራት በሚጠፋበት አገር የራሱ ጣጣ አለው)። አሮጌው ኮባልት ግን በማብሪያ ማጥፊያ አይጠፋም። ኮባልት የሚገዛ ተቋም ሁሉ ከመፈረሙ በፊት ማን እንደሚመልሰው፣ በየትኛው ሳጥን፣ በማን ገንዘብ ውሉ ላይ ያስፍር። ማሽኑ ካረጀ በኋላ በጀት የሚጠይቅለት የለም።