ራምቦ ያልኖረበት ቤት

ሐረር ጀጎልን ሊያይ ከሩቅ የሚመጣ እንግዳ አብዛኛውን ጊዜ ከተማዋን ቀድሞ አንብቧታል፤ ካላነበባትም ከቅጥሯ ውጭ ጅብ ሲመገብ በፊልም አይቷል። የት እንደሚቆምና ምን ፎቶ እንደሚያነሣ የሚወስንለትም ይኸው አስቀድሞ የሰማው ታሪክ ነው። ለዚህ ከራምቦ ቤት የበለጠ ማስረጃ አላውቅም። በእንጨት ሥራው የሚታወቀው ይህ ፎቅ በፈረንሳዊው ገጣሚ በአርተር ራምቦ ስም ይጠራ እንጂ ገጣሚው አልኖረበትም። እሱ እ.ኤ.አ. በ1891 እግሩን ታሞ በቃሬዛ ከሐረር ወጣ፤ በዚያው ዓመት ማርሴይ ላይ ሞተ። ቤቱን አንድ ህንዳዊ ነጋዴ ያሠራው ከዚያ በኋላ ነው።

ራምቦ በ1880 ሐረር ሲገባ ግጥም ትቶ የቡናና የቆዳ ንግድ ሠራተኛ ሆኖ ነበር። ለቤተሰቡ የላካቸው ደብዳቤዎች በመሰልቸትና በገንዘብ ሐሳብ የተሞሉ ናቸው። ከእሱ በፊት፣ በ1855፣ እንግሊዛዊው ተጓዥ ሪቻርድ በርተን ዐሥር ቀን ተቀምጦ ወጥቶ በዓመቱ መጽሐፍ አሳተመ። ሁለቱም ዋሹ አልልም። ነገር ግን ሐረር ለመንገደኛ የምታሳየው የድንጋይ አጥርና ጠባብ መተላለፊያ ነው፤ ሀብቷ ከግቢው በር ወዲያ ነው ያለው። የሐረሪ ቤት ውስጡ ነደባ በሚባሉ ከፍና ዝቅ ባሉ መደቦች የተከፈለ ነው፤ ማን የት እንደሚቀመጥ በዕድሜና በክብር የተወሰነ ነው፤ ግድግዳው በስፌትና በጣባ ተሸፍኗል። ይህን ሥርዓት ዐሥር ቀን በስጋት ያሳለፈ እንግዳ እንዴት ያውቀዋል?

እነዚህ ጸሐፊዎች ባይኖሩ ሐረርን ማን ያውቃት ነበር? ቤቱስ በራምቦ ስም ባይጠራ ማን ይጠግነው ነበር? የሚል ይኖራል። ክርክሩ ከባድ ነው። ራምቦ በ1883 ያነሣቸው ፎቶግራፎች እስከ ዛሬ ጠቃሚ ሰነድ ናቸው፤ በዝናው የሚመጣው እንግዳም ለከተማዋ ሰው እንጀራ ነው። ይሁንና ሐረር የራሷን ታሪክ የሚያስቀምጥላት አላጣችም። የከተማዋ ሰው አብዱላሂ ሸሪፍ ለዓመታት የሰበሰቧቸው የእጅ ጽሑፎች፣ ሳንቲሞችና የተቀዱ ዘፈኖች የራስ ተፈሪ ቤት በሚባለው ሕንፃ፣ በስማቸው በሚጠራው ሙዚየም ይታያሉ። የአገሬው ሰውም መርጦ ነው የሚያስቀምጠው ቢባል እስማማለሁ። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው፤ እሱ ቢሳሳት ጎረቤቱ በማግሥቱ ያርመዋል፣ በርተንን ግን ከጀጎል ማንም ሊያርመው አልቻለም።

ስለዚህ እንግዳው መጽሐፉን ይጣል አልልም፤ ቅደም ተከተሉን ይለውጥ እላለሁ። መጀመሪያ ሸሪፍ ሙዚየምን ይይ፣ ከዚያ ከፈረስ መጋላ አደባባይ በልብስ ሰፊዎቹ መንገድ ወደ ጊድር መጋላ ገበያ ይውረድ፣ ከተፈቀደለትም አንድ የሐረሪ ቤት ይግባ። ራምቦ ቤት ሲደርስ አስጎብኚው ከገጣሚው በፊት ስለ ህንዳዊው ነጋዴ ይንገረው።