የጎደሬ ታናናሽ ወንድሞች

አንባቢዎቼ ሆይ፤ የሃዋይ ቋንቋ ፈጽሞ አናውቅም ብትሉኝ አላምናችሁም። ተማሪው ለቤት ሥራው፣ የቢሮ ጸሐፊውም ለሪፖርቱ አንድ ነገር ሲቸግረው ዊኪፒዲያን ይገልጣል። «ዊኪ» ፈጣን ማለት ሲሆን ቃሉ የሃዋይ ነው። «ዊኪ ዊኪ» ብለው ሲደግሙት ልክ እንደ እኛ «ቶሎ ቶሎ» ይሆናል። በሆኖሉሉ አይሮፕላን ማረፊያ መንገደኛ የሚያመላልሰው አውቶቡስ በዚህ ስም ይጠራ ነበርና፣ ዋርድ ከኒንግሃም የተባለ አሜሪካዊ ማንም ሰው ቶሎ ሊያርመው የሚችል የኮምፒዩተር ገጽ በ1995 ሲያወጣ ስሙን ከዚያ ወሰደ። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

ቋንቋው ለእኛ ፊደል የተመቸ ነው። ተነባቢ ድምፆቹ 8 ብቻ ናቸው፤ ከእነርሱም አንዱ እንኳ ያለ አናባቢ አይቆምም። ስለዚህ በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ ሳድስ እምብዛም አያሻውም። «ረ» እና «ሰ» ስለሌሉት የእንግሊዝኛ ቃል ሲዋስ በራሱ አንደበት አለስልሶ ይወስደዋል፤ «ሜሪ ክሪስማስ» የሚለው የልደት ሰላምታ «ሜሌ ካሊኪማካ» ሆኗል። ቡናን ደግሞ «ኮፔ» ይሉታል። በኮና አውራጃ የሚበቅለው ዝነኛው ቡናቸው የዘር ሐረጉ ከእኛ ጫካ የሚመዘዝ ዐረቢካ ነውና ስሙ ቢለወጥም ዘመዳችን ነው።

ከቃላቱ ሁሉ እኔን የያዘኝ ግን «ካሎ» ነው። ባለፈው ዓመት ስለ ደሴት ሕዝቦች አኗኗር ሳስተምር የዚህን ተክል ሥዕል በሰሌዳው ላይ ለጥፌ ነበር። ከወላይታ የመጣ አንድ ተማሪ «መምህር፣ ይኼማ ጎደሬ ነው!» ብሎ ጮኸ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀበት። የሳቁት ጎደሬን ሳያውቁ ቀርተው አይደለም፤ የችግር ጊዜ ምግብ ነው ሲባል ስለ ሰሙ ነው። ልጁ አንገቱን ደፋ።

ነገር ግን ትክክል ነበር፤ ካሎ ጎደሬ ነው። የሃዋይ ሰዎች እንደሚተርኩት፣ ዋኬአ የተባለው የሰማይ አባት የመጀመሪያ ልጁ ሞቶ ቢወለድበት ቀበረው፤ ከመቃብሩም ላይ ጎደሬ በቀለ። ሁለተኛው ልጅ ደኅና ተወለደና የታላቁን ስም ወርሶ «ሃሎአ» ተባለ፤ የሰዎችም ሁሉ አባት ሆነ። እንግዲህ በእነርሱ ዘንድ ጎደሬ ታላቅ ወንድም ነው፤ ሰው ታናሹ ነው። ታናሹ ታላቁን ይንከባከበዋል፤ ታላቁም ታናሹን ይመግበዋል። ጎደሬው በስሎና ተወቅጦ «ፖይ» ይሆናል፤ የፖይ ገበታ ክዳኑ ከተነሣ በኋላ በቤት ውስጥ መጣላት ነውር ነው፤ ታላቅ ሰው በመካከል ተቀምጧልና። ከእናቲቱ ጎደሬ ጎን የሚወጣውን ቡቃያ «ኦሃ» ይሉታል። ቤተሰብና ቤተ ዘመድ የሚባለው «ኦሃና»ም ከዚሁ የወጣ ነው። እኛስ «ዘር» ስንል የእህሉንም የሰውንም አይደለምን?

ይህን ስነግራቸው ሳቁ ቆመ። ልጁም ጎደሬ እንዴት እንደሚተከል፣ በደንብ ሳይበስል ቢበላም ጉሮሮ እንደሚያሳክክ ለጓደኞቹ ያስረዳ ጀመር። በእንግሊዝኛ ጀመረ፤ ቃል ሲያጥረው ወደ አማርኛ፣ አማርኛውም ሲያጥረው ወደ ወላይትኛ ገባ። አልከለከልሁትም።

በሃዋይ ግን ተከልክሎ ነበር። ቋንቋው መታተም የጀመረው በ1822 ነው፤ በ1834 ደግሞ በላሃይናሉና ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ጋዜጣ ወጣ። ከዚያ በኋላ ከ100 የሚበልጡ ጋዜጦች ተከተሉ፤ ሕዝቡም አንባቢ ሆነ። በ1893 ንግሥት ሊሊኡኦካላኒ በአሜሪካ ነጋዴዎችና ወታደሮች ኃይል ከዙፋኗ ወረደች። ከ3 ዓመት በኋላ የወጣው ሕግ ትምህርት ሁሉ በእንግሊዝኛ እንዲሆን አዘዘ። ልጆች በትምህርት ቤት ግቢ በአባቶቻቸው ቋንቋ ቢናገሩ ይቀጡ ነበር፤ የተቀጡትም አድገው ሲወልዱ ለልጆቻቸው ሳያስተምሩ ቀሩ። ለቱሪስት የሚበቃው ብቻ ቀረ፤ «አሎሃ» የሚለው ቃል ከአናናስ ሥዕል ጋር። አናናሱም ቢሆን የዚያ አገር ተክል አይደለም፤ ስሙ «ሃላ ካሂኪ» ነው፤ ከባዕድ አገር የመጣ ሃላ እንደ ማለት። አሎሃንም ሰላምታ ብቻ አድርጎ መያዝ ግማሹን መጣል ነው፤ ፍቅርና ርኅራኄም አለበት።

ወደ አማርኛ ለመመለስ ያስቸገረኝ «ኩሌአና» ነው። መብት ብዬ ብጽፈው ግዴታው ይቀራል፤ ግዴታ ብዬ ብጽፈው መብቱ ይቀራል፤ እነርሱ ሁለቱን በአንድ ቃል ይሉታል። መሬት «አይና» ነው፤ «አይ» መብላት ነውና የሚያበላ ማለት ነው ይሉታል። መንገድ ሲያመለክቱም ብዙዎች ሰሜንና ደቡብ ሳይሉ «ማውካ»፣ ወደ ተራራው፣ ወይም «ማካይ»፣ ወደ ባሕሩ ይላሉ፤ በገጠር ላይ ቤትና ታች ቤት እንደምንለው።

በ1978 ቋንቋው ከእንግሊዝኛ ጋር የመንግሥት ቋንቋ ሆኖ በሕገ መንግሥት ተጻፈ። ወላጆችና መምህራን ግን በወረቀት ላይ መጻፉን ብቻ ይዘው አልተቀመጡም፤ አሮጌው ክልከላ ገና ሳይነሣ በ1984 «ፑናና ሌኦ»፣ ማለትም የድምፅ ጎጆ ያሉትን የሕፃናት ትምህርት ቤት በካዋይ ደሴት ከፈቱ። ክልከላው በ1986 ተነሣ፤ በ1987 ደግሞ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በሃዋይኛ ማስተማር ጀመሩ። ለአዲሱ ነገር ከአሮጌው ቃል ስም ያወጡለታል፤ ኮምፒዩተርን «ሎሎ ኡዊላ» አሉት፤ «ሎሎ» አንጎል፣ «ኡዊላ» መብረቅ ነው። መምህሩን የሚጠሩት «ኩሙ» ብለው ነው፤ የዛፍን ግንድም በዚሁ ቃል ይጠሩታል። ልጆቻቸውን ለማስገባት የሚፈልጉ ወላጆች ብዙ ናቸው፤ የሚያንሳቸው ኩሙ ነው።