በቀኝ በኩል የሚከፈት መጽሐፍ

ኪዮቶ የሄድኩት ቤተ መቅደስ ለማየት አልነበረም። ኦሳካ ለሁለት ሳምንት ሥልጠና ተልኬ ሳለ፣ አብረውኝ የነበሩት ሰልጣኞች ቅዳሜ ዕለት በወርቅ የተለበጠውን ዝነኛ ቤተ መቅደስ ለማየት ሲነሱ እኔም አብሬያቸው ባቡር ተሳፈርኩ። መንገዱ ግማሽ ሰዓት ያህል ነው። ጣቢያው ላይ ስንደርስ ግን ተለየኋቸው። ቦርሳዬ ውስጥ የልጄ ደብተር ነበር።

ስለ ደብተሩ ልንገራችሁ። ልጄ አሥረኛ ክፍል ነው። እንደ ብዙዎቹ እኩዮቹ የጃፓን ካርቱን ይወዳል፤ «ካርቱን» ስለው ግን ይቆጣል። የሚንቀሳቀሰው አኒሜ፣ በመጽሐፍ የሚነበበው ማንጋ እንደሚባል ስንት ጊዜ አርሞኛል። ያየውንና ያነበበውን ሁሉ በአንድ ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ላይ ይመዘግባል፤ ርዕሱን፣ የደረሰበትን ምዕራፍ፣ ከአሥር የሰጠውን ነጥብ፣ ከጎኑም አንዲት መስመር አስተያየት። ከጓደኞቹ ጋር በእረፍት ሰዓት የሚከራከሩትም በእነዚህ ነጥቦች ነው አሉ። ባለፈው ሴሚስተር የሒሳብ ውጤቱ ሲያሽቆለቁል ደብተሩን ነጥቄ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። ምን እንደተጻፈበት እንኳ አላየሁም። ልጁ አልጮኸም፣ አላለቀሰም። ብቻ ከዚያ ወዲህ ከእኔ ጋር የሚያወራው «እሺ» እና «አይ» ሆነ።

ልሄድ ስል «ምን ላምጣልህ?» አልኩት። «ምንም» አለኝ። ሌሊት ፓስፖርቴን ላወጣ ቁም ሣጥኑን ስከፍት ደብተሩ ከላዩ ተቀምጧል። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ እሱንም ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ከኪዮቶ ጣቢያ በምድር ውስጥ ባቡር ሦስተኛው ፌርማታ ካራሱማ ኦይኬ ይባላል። ከዚያ ወጥቶ ጥቂት እንደተራመዱ የኪዮቶ ዓለም አቀፍ የማንጋ ሙዚየም ይገኛል። ሙዚየም ሲሉኝ በመስታወት ውስጥ የተቆለፈ ዕቃ ነበር የጠበቅኩት። የገባሁት ግን ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። ረጅም ኮሪደር፣ ሲረግጡት የሚንቋቋ የእንጨት ወለል፣ ግራና ቀኝ የመማሪያ ክፍሎች፣ ከፊት ለፊት ደግሞ የሰልፍ ሜዳ የመሰለ ግቢ።

በእርግጥም ታትሱይኬ የሚባል የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1869 ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ቶኪዮ ሲዛወሩ ኪዮቶ የመዲናነት ክብሯን አጣች። የከተማው ሰው ቁጭ ብሎ አላለቀሰም፤ በዚያው ዓመት በየሰፈሩ 64 የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን ከፈተ። መንግሥት አገር አቀፍ የትምህርት ሥርዓት ያወጣው ከዚያ ሦስት ዓመት ቆይቶ ነው። የመዋጮው ስም ደግሞ «የምድጃ ገንዘብ» ነበር። ቤቱ ውስጥ ምድጃ ያለው ሁሉ፣ ልጅ ይኑረው አይኑረው፣ ለሰፈሩ ትምህርት ቤት ይከፍላል። የእኛን ዕድር አሰብኩ።

በምድጃ ገንዘብ የቆመው ታትሱይኬ እ.ኤ.አ. በ1995 ተዘጋ። የተዘጋው ገንዘብ አጥቶ አይደለም፤ በመሀል ከተማው የተማሪው ቁጥር እየተመናመነ መጥቶ ነው። ልጆች በፈረቃ ሲማሩ ላየ የእኛ አገር ሰው ይህን መስማት ግራ ያጋባል። ከዚያ የከተማው አስተዳደርና ኪዮቶ ሴይካ ዩኒቨርሲቲ ተባብረው እ.ኤ.አ. በ2006 የማንጋ ሙዚየም አድርገው ከፈቱት። ሴይካ ማንጋን በፋኩልቲ ደረጃ የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2018 እስከ 2022 የመሩትም የማሊው ተወላጅ ኡሱቢ ሳኮ ነበሩ። ይህን ያነበብኩ ጊዜ፣ አፍሪካዊ ነኝና፣ ትንሽ ደረቴን ነፋሁ።

ሙዚየሙ ወደ 300 ሺህ የሚጠጉ ሥራዎችን ሰብስቧል። ከእነዚህ 50 ሺህ ያህሉ በኮሪደሮቹ ግድግዳ ላይ፣ ሲደመር 200 ሜትር በሚሆን መደርደሪያ ተደርድረዋል። የመግቢያ ክፍያህን ከፍለህ የፈለግከውን አንሥተህ የፈለግከው ቦታ ታነባለህ። ሰው ደረጃ ላይ ተቀምጦ ያነባል፣ ግድግዳ ተደግፎ ያነባል፣ ግቢው ሣር ላይ ተጋድሞ ያነባል። ጫማ ወልቆ የሚገባበት የሕፃናት ክፍልም አለ። ከሁሉ የገረመኝ ግን ዝምታው ነው። ያ ሁሉ ልጅ ባለበት የሚሰማው ገጽ ሲገለጥ ብቻ ነው። የአንባቢዎቹ ፀጉር ደግሞ ግማሹ ሽበት ነበር።

አንድ ወላጅ ማወቅ ያለበትን እዚህ ላይ ልናገር። እኛ ሁሉንም «የልጆች ነገር» ብለን በአንድ ጆንያ ከትተነዋል። እነሱ ግን በፎቅ ለይተውታል፤ ምድር ቤት ለወንድ ልጆች፣ ቀጥሎ ለሴት ልጆች፣ ሦስተኛው ላይ ለአዋቂዎች የተጻፈው። ሥዕል ስላለበት ብቻ ሁሉም ለሕፃን ይሆናል ማለት አይደለም።

መደርደሪያው ፊት ቆሜ ጃፓንኛ ማንበብ እንደማልችል ትዝ አለኝ። አንዲት የሙዚየሙ ሠራተኛ ወጣት ስታየኝ ቀረበች። ምን ላድርግ? ደብተሩን አወጣሁና ልጄ በአማርኛ የጻፈውን ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ።

«ናሩቶ» አልኩ። ፈገግ ብላ ራሷን ነቀነቀች። ከጎኑ «8፤ መሀሉ ይንዛዛል» ይላል።

«ዋን ፒስ።» «ዋን ፒሱ!» አለች። «9፤ እኔ ሳልወለድ ጀመረ፣ እኔ አርጅቼም ላያልቅ ነው» ይላል። እውነቱን ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ እየወጣ ገና አላለቀም።

«ስላም ዳንክ።» «ሱራሙ ዳንኩ!» ብላ ኳስ ቅርጫት ውስጥ የምትከት መሰለች። ሁለታችንም ሳቅን።

«ቤርሰርክ» ስል ግን ሳቋን ገታ አድርጋ ሦስት ጣቷን ወደ ላይ ቀሰረች። ሦስተኛ ፎቅ። ደሜ ቀዘቀዘ፤ የእኔ ልጅ የአዋቂ ነገር ያነባል ማለት ነው! አስተያየቱን አየሁ። «ሥዕሉ 10። ብዙ ደም አለበት። ለሚጡ አይሆንም።» ሚጡ ታናሽ እህቱ ናት። እኔ ስለ ሚጡ ምን ትይ ምን አታይ አስቤ አላውቅም ነበር። ስለ ቤርሰርክ እኔና እሱ ገና የምንነጋገረው ቢኖርም።

የመጨረሻው ገጽ ላይ «ቤርፉት ጄን» የሚል አገኘሁ። ነጥቡ 10። ከጎኑ «ለአባዬ ማሳየት» ይላል፤ በቀይ እስክሪብቶ ተሰምሮበታል። ቀኑን አየሁት፤ ደብተሩን ከመንጠቄ ከአራት ቀን በፊት ነው።

ልጅቷ በርዕሱ ግራ ስትጋባ «ሂሮሺማ» አልኳት። «ሃዳሺ ኖ ጌን» አለች ቀስ ብላ፤ ሄዳ የመጀመሪያውን ቅጽ አመጣችልኝ።

ደራሲው ኬይጂ ናካዛዋ ይባላል። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 6 ቀን 1945 አቶሚክ ቦምቡ ሂሮሺማ ላይ ሲወድቅ የስድስት ዓመት ልጅ ነበር። አባቱን፣ እህቱንና ወንድሙን በዚያች ቀን አጣ። አድጎ ሠዓሊ ሆነና እ.ኤ.አ. በ1973 ያየውን በልጆች ሳምንታዊ መጽሔት ላይ በሥዕል መተረክ ጀመረ። «ጫማ የለሹ ጌን» እንደማለት ነው ርዕሱ።

ግቢው ሣር ላይ ተቀመጥኩና ገለጥኩት። ልጅ ሳለሁ አያቴ ቤት ግድግዳው ላይ በትናንሽ አራት ማዕዘኖች የተከፋፈለ የንግሥተ ሳባ ሥዕል ነበር። አያቴ በጣታቸው ከግራ ወደ ቀኝ እየጠቆሙ ከአንዱ ሣጥን ወደ ሌላው ያሻግሩኝ ነበር። እኔም እንደዚያው ከግራ ጀመርኩ። ከተማዋ ትቃጠላለች። ቀጥሎ አባትየው ከሁለት ልጆቹ ጋር በወደቀ ቤት ተጭኗል፤ እናትየውና ትንሹ ጌን ግንዱን ሊያነሡ ይታገላሉ። ቀጥሎ ቤቱ ቆሟል። ቀጥሎ አባትየው ከልጆቹ ጋር ስንዴ ማሳ ውስጥ ቆሞ ያወራል። ደስ አለኝ። ተረፉ ማለት ነው ብዬ።

አጠገቤ የልጅ ልጃቸውን ይዘው የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ሲያዩኝ ቆይተው ጎንበስ ብለው ይቅርታ ጠየቁና መጽሐፉን ከእጄ ወስደው ገለበጡልኝ። የጃፓን መጽሐፍ የሚጀምረው እኛ መጨረሻ በምንለው ሽፋን ነው፤ ከቀኝ ወደ ግራ ይነበባል። ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ። «ኢትዮጵያ» ስል እንደተለመደው «አበበ!» አሉና ባዶ እግራቸውን የሚሮጡ መሰሉ፤ ቶኪዮ ላይ በ1964 በጫማ እንደሮጠ አላረምኳቸውም። ከዚያ ወደ መጽሐፉ ጠቁመው ፊታቸው ተለወጠ።

አሁን በትክክለኛው መንገድ ገለጥኩት። ስንዴው መጀመሪያ መጣ። ቤቱ ወደቀ። አባትየው ከፍርስራሹ ሥር ሆኖ ልጁን አንድ ነገር ይለዋል፤ ልጁ አልሄድም ብሎ ያለቅሳል። ፊደሉ የሚለውን ማንበብ አልቻልኩም።

ሰዓቴን አየሁ። ኪዮቶ ዘጠኝ ሰዓት ስለሆነ አዲስ አበባ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው። በቴሌግራም ደወልኩ። በእንቅልፍ ድምፅ አነሣው።

«አባዬ? ምን ሆንክ?»

«ጌንን ይዤዋለሁ» አልኩት። «ኪዮቶ ነኝ።»

ዝም አለ። ስልኩ የተቋረጠ መሰለኝ።

«ደብተሬን ከፈትከው?»

«ከፈትኩት። ሳልጠይቅህ ነው፤ ይቅርታ። የነጠቅኩህም ሳላነበው ነው።»

አሁንም ዝም አለ። ከዚያ «ከየት በኩል ጀመርከው?» አለኝ።

«ከግራ። አባትየው ከሞት የተነሣ መስሎኝ ነበር።»

ሳቀ። ከስንት ሳምንት በኋላ። ሽማግሌው ከስልኩ የሚወጣውን ሳቅ ሰምተው ወደ እኔ ዘወር አሉ።

«አባቱ እዚህ ጋ ምን እያለው ነው?» አልኩት።

«የቱ ጋ?»

«ቤቱ ከወደቀ በኋላ። ልጁ አልሄድም እያለ።»

«እሱን አሁን ልነግርህ አልችልም፤ ከመጀመሪያው ካልጀመርክ አይገባህም» አለኝ። አልጋው ላይ ቀና ሲል ሰማሁት። «ወደ አንደኛው ገጽ ተመለስ። በቀኝ በኩል። ስንዴ ይታይሃል?»

«ይታየኛል።»

«እሺ፣ እኔ ልንገርህ። አንተ ዝም ብለህ ገልጥ።»