ሁለት ካንዴላ በአንድ ቀን አይሞትም

የአባዬ ሞተር ዝም ያለው ሐሙስ ጠዋት ነው። ገመዱን ሃያ ጊዜ ያህል ጎተተ። ከዚያ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ወደ ጣና ዞረ፤ እኔ ደግሞ ስልኬን አወጣሁ።

ጀልባው ከባሕር ዳር ዘጌ ሰው ያመላልሳል። ከኋላው የተሰቀለው ባለ 15 ፈረስ ጉልበት፣ ባለ ሁለት ሲሊንደር፣ ቤንዚን ከዘይት ጋር ተቀላቅሎ የሚጠጣ የጃፓን ሞተር ነው። በዕድሜ ይበልጠኛል። ያስተማረኝም እሱ ነው ማለት ይቻላል። ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ተመርቄ፣ ሥራ አጥቼ ቤት ከተመለስኩ ስምንት ወር ሆኖኝ ነበር። ስለዚህ ሞተሩ እምቢ ሲል፣ እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። በመጨረሻ የምጠቅምበት ነገር ተገኘ!

ካንዴላዎቹን ፈታን። ሁለቱም እርጥብ ናቸው፤ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታሉ። ይሄ ጥሩ ዜና ነው፦ ነዳጁ ሲሊንደሩ ጋ ደርሷል። ጥቁርም ነበሩ። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለው፤ አየሩ ስለሚሳሳ ካርቡረተሩ ለቆላ እንደተስተካከለ ከተተወ ቤንዚኑ ይበዛል፣ ካንዴላውም ጥላሸት ይለብሳል። ይቺን አንብቤ ነበር። "ካንዴላው ነው!" ብዬ ፈረድኩ። በአባዬ ብር ሁለት አዲስ ገዛን። ምንም። በማግስቱ ሌላ ዓይነት ሁለት። አሁንም ምንም።

"ለመሆኑ እሳት አለው?" አለኝ አባዬ።

ከሁሉ በፊት መታየት የነበረበት እሱ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። ቤንዚን የነካውን ጨርቅ ታርቃለህ፣ ካንዴላውን ኬብሉ ጫፍ ላይ ሰክተህ የብረት ገላውን ሞተሩ ብረት ላይ ታስደግፋለህ፣ ጥላ ውስጥ ሆነህ ገመዱን ትጎትታለህ። ደህና ከሆነ ሰማያዊ ብልጭታ ታያለህ። የእኛ ሁለቱም ጨለማ።

"ሁለት ካንዴላ በአንድ ቀን አይሞትም" አለ። "ሁለቱ የሚጋሩትን ፈልግ።"

አምስት ዓመት ስማር እንዲህ አጥርቶ የነገረኝ የለም።

መልቲሜትሬን ይዤ የተበጠሰ ሽቦ ማደን ጀመርኩ። ቅዳሜን፣ እሁድን። የተበጠሰ የለም። እሁድ የእኛን ሰዎች ሌላ ጀልባ ጭኗቸው ሲሄድ አባዬ እጁን አንስቶ ሰላም አለ፤ እኔ ቀና ማለት አቃተኝ።

የገባኝ ማታ ተኝቼ ነው። የመኪና ቁልፍ ሲያጠፋ መስመሩን ይቆርጣል። የዚህ ሞተር ማጥፊያ ግን የሚያጠፋው በማገናኘት ነው፤ ስትጫነው ኤሌክትሪኩ ብልጭታ መፍጠሩን ትቶ ወደ ሞተሩ ብረት ይፈሳል። እንግዲህ የማጥፊያው ሽቦ ቢበጠስ ሞተሩ አይቆምም፤ እንዲያውም ማጥፋት ነው የሚቸግረው። የሚያቆመው ልባሱ ተልጦ ብረት የነካ ሽቦ ነው። እኔ የተለያየ ስፈልግ የከረምኩት፣ ችግሩ የተገናኘ ሆኖ ነው። ሞተሩ አራት ቀን ሙሉ "ጥፋ" እየተባለ፣ እኛ "ተነስ" እያልን ገመድ እንጎትታለን።

ሰኞ በጠዋት የማጥፊያውን ሽቦ ከመጋጠሚያው ነቀልኩና ጎተትኩ። ብልጭ! ሁለቱም።

ከዚያ ሽቦውን እየተከተልኩ ወረድኩ። ክዳኑ ጠርዝ ሥር፣ ንዝረቱ ሲፈትገው የኖረበት ቦታ ላይ፣ ተልጧል። እዚያው ላይ ሰማያዊ የኤሌክትሪክ ፕላስተር ነበረ፤ ሙቀቱ ማጣበቂያውን አሟሙቶት ተንሸራቷል። ፕላስተሩን አወቅኩት። ሁለተኛ ዓመት እያለሁ ክረምት ላይ መጥቼ ማጥፊያውን የቀየርኩት እኔ ነኝ። ሽቦው ሲያጥርብኝ ቀጠልኩት። "ኢንጂነሩ ልጄ ሠራው" እያለ ለጀልባ ነጂው ሁሉ ያወራው ደግሞ አባዬ።

ቆርጬ ጣልኩት። አዲስ ሽቦ በቀጭን የጎማ ቱቦ አሳልፌ፣ ከጠርዙ አርቄ አሰርኩ። ማጥፊያው መሥራቱንም ሞከርኩ፤ ማጥፋት የማይቻል ሞተር ይዞ ሐይቅ መግባት እብደት ነው። ካንዴላዎቹን አጥብቀን ስንጎትት በሦስተኛው ተነሳ።

"ምን ነበር?" አለ አባዬ።

"ሽቦ ነው። አርጅቶ።"

ጎንበስ ብሎ ከጀልባው ወለል ላይ ሰማያዊዋን ቁራጭ አነሳ፤ አገላብጦ አያትና ኪሱ ከተታት። "ያዝ፣ አንተ ንዳው" አለኝ። "ነፋሱ ሳይነሳ እንመለሳለን።"

ከወደቡ ወጣን። ሞተሩ ይጮኻል።

"እኔ ነኝ የቀጠልኩት!" አልኩ።

"ምን?"

"ሽቦውን! እኔ ነኝ!"

"አውቃለሁ" አለ። "ነዳጅ ቀንስ።"