የሩጫ እድር በፓርላመንት ሂል

ልጆቹን ይዛችሁ የምትሄዱበት ቦታ ከጠፋችሁ፣ አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ጎስፐል ኦክ የሚባለው የኦቨርግራውንድ ጣቢያ ውረዱ። ጥቂት እንደተራመዳችሁ ሐምፕስቴድ ሂዝ የተባለው ሰፊ መስክ ይጀምራል። መጀመሪያ ክፍት የመዋኛ ገንዳ ታገኛላችሁ፤ ከገንዳው አጠገብ ደግሞ ዙሪያው 400 ሜትር የሆነ የመሮጫ መም አለ። ከበላዩ ያለው ኮረብታ ፓርላመንት ሂል ነው። አናቱ ላይ ብትወጡ የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ጉልላትና የሻርድ ሕንጻ ከሩቅ ወለል ብለው ይታያሉ። ለዛሬ ግን ኮረብታውን እናቆየውና መሙን እንይ።

የልምምድ ምሽት ከሆነ መሙ ገበያ ይመስላል። በአንድ ጥግ ትንንሽ ልጆች አሸዋ ላይ ርዝመት ዝላይ ይለማመዳሉ። በሌላው ጥግ ወጣቶች ዱላ ይቀባበላሉ። ፈጣኖቹ በውስጠኛው መስመር እንደ ንፋስ ያልፋሉ፤ በውጭው መስመር ደግሞ ፀጉራቸው የሸበተ እናቶችና አባቶች በራሳቸው ፍጥነት ዱብ ዱብ ይላሉ። አሰልጣኙ ሰዓቱን ይዞ የሁሉንም ስም እየጠራ ይጮኻል፤ የመጨረሻዋንም ሴትዮ ሳይቀር። እዚህ መም ላይ የሚሠለጥነው ሃይጌት ሃሪየርስ የተባለው ክለብ ነው። የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1879 ነው፤ ከአድዋ ድል 17 ዓመት በፊት ማለት ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ክለብ ስንል ምን ማለታችን ነው?

“የአትሌቲክስ ክለብ” ሲባል በእኛ ጆሮ ቶሎ የሚመጣው መከላከያ፣ ኦሜድላ፣ ንግድ ባንክ፣ መብራት ኃይል፣ ሙገር ነው። በአገራችን ታላላቅ ክለቦች ቀጣሪዎች ናቸው። አትሌቱ ተመርጦ ይገባል፣ ደሞዝ ይከፈለዋል፣ ውጤት ይጠበቅበታል። ስለዚህ ልጃችን ከትምህርት ቤት የክለብ ወረቀት ይዞ ሲመጣ “እሱ እኮ ሯጭ አይደለም” እንላለን። ወይም ደግሞ “ትምህርቱስ?” ብለን ወረቀቱን ፍሪጅ ላይ ለጥፈን እንረሳዋለን።

የለንደን የሰፈር ክለብ ሌላ ነገር ነው። እዚህ ከፋዩ አባሉ ራሱ ነው። በዓመት ትንሽ መዋጮ ያወጣል፤ በዚያ ገንዘብ መሙ ይከራያል፣ ውድድር ይመዘገባል። አሰልጣኞቹ በአብዛኛው ቀን ላይ ሌላ ሥራ ያላቸው በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ሊቀመንበሩም፣ ገንዘብ ያዧም፣ ማሊያ የምታድለዋም እንደዚያው። እንግዲህ ይህን የሚመስል ነገር በእኛ አገር ፈልጉ ብትባሉ የምታገኙት መከላከያን ሳይሆን እድርን ነው። ሁሉም ጥቂት ያዋጣል፣ ሁሉም ተራውን ያገለግላል፣ ማንም ደካማ ነህ ተብሎ አይባረርም። ልዩነቱ እድር ለሐዘን ቀን ሲሰበሰብ፣ ይሄኛው በየሳምንቱ በቁምጣ መሰብሰቡ ነው።

ፍጥነት ዋጋ የለውም ማለት ግን አይደለም። በክረምት የሚደረገውን አገር አቋራጭ ብታዩ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ነው፤ ፓርላመንት ሂል ላይ የእንግሊዝ ብሔራዊ ሻምፒዮና ሲደረግ ሩጫው የሚጀምረው ሽቅብ ነው። ነገር ግን አገር አቋራጭ የቡድን ውድድርም ነው። የክለቡ ሯጮች የገቡበት ተራ ቁጥር ይደመርና የቡድን ውጤት ይወጣል። ስለዚህ 80ኛ የምትወጣው ልጅ የተቃራኒ ክለብ ልጅ ቀድማ ከገባች ቡድኗን ትረዳለች ማለት ነው። በእኛ ዘንድ ስለ አንደኛ ብቻ ነው የሚወራው፤ እዚህ 80ኛዋም የምትጠበቅ ሰው ናት።

ጥንቸልና ውሻ

ልጆች፣ ይሄ ለእናንተ ነው። ሃሪየር ማለት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ጥንቸል የሚያሳድድ የአደን ውሻ ነው! ለንደን ውስጥ “ሃሪየርስ” የሚባሉ ክለቦች ብዙ ናቸው፤ ኒውሃም አካባቢ ደግሞ “ቢግልስ” የሚባል አለ፤ ቢግልም ጆሮው የተንጠለጠለ አዳኝ ውሻ ነው። ነገሩ የመጣው ከድሮ የተማሪዎች ጨዋታ ነው። ሁለት ልጆች “ጥንቸል” ሆነው ቀድመው እየሮጡ የተቀዳደደ ወረቀት በመንገዱ ላይ ይበትናሉ። ሌሎቹ “ውሾች” ሆነው የወረቀቱን ዱካ እየተከተሉ ያሳድዷቸዋል። የእኛ ሌባና ፖሊስ ማለት ነው፤ ሜዳው ግን ብዙ ኪሎሜትር ነው። ከዚህ ጨዋታ በ1868 ቴምስ ሄር ኤንድ ሃውንድስ የተባለው ክለብ ለንደን ውስጥ ተወለደ። የመሠረቱት ጀልባ ቀዛፊዎች ነበሩ፤ ክረምት ላይ ሰውነታቸው እንዳይዝል ብለው። በዓለም ላይ ካሉ የአገር አቋራጭ ክለቦች ሁሉ አንጋፋው እሱ ነው።

የለንደን ማራቶንም ቢሆን ሥሩ ያለው የሰፈር ክለብ ውስጥ ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ ሪችመንድ አካባቢ ያለው የራነላህ ሃሪየርስ አባላት ኒውዮርክ ሄደው ማራቶን ሮጡ። ተመልሰው ወሬውን ለጓደኞቻቸው ሲያወሩ ክሪስ ብራሸር የተባለው የክለቡ ሰው ጆሮውን ሰጠ። እሱም ኒውዮርክ ሄዶ ሮጠና ከጓደኛው ከጆን ዲዝሊ ጋር ሆኖ በ1981 የመጀመሪያውን የለንደን ማራቶን አዘጋጀ። የዚያን ቀን ቀድመው የደረሱት አሜሪካዊና ኖርዌያዊ እጅ ለእጅ ተያይዘው እኩል ገቡ። ከዚያ ወዲህ ደራርቱ ቱሉ በ2001፣ ገዛኸኝ አበራ በ2003፣ ፀጋዬ ከበደ በ2010 እና በ2013፣ ትዕግስት አሰፋ በ2025 ያሸነፉት ይሄንኑ ውድድር ነው። የእኛ ጀግኖች የሮጡበት ጎዳና የተጠነሰሰው በክለብ አባላት ጨዋታ ነው ብትሉ አልተሳሳታችሁም።

ስሙን የቀየሩበት ልጅ

ስደተኛ ወላጅ የሆነ ሁሉ የሞ ፋራህን ታሪክ ከልጆቹ ጋር ቁጭ ብሎ ቢያወራ ጥሩ ነው። ለንደን 2012 ላይ ጥሩነሽ ዲባባ 10,000 ሜትር ወርቅ ባገኘች ማግስት፣ በዚያው ስትራትፎርድ ባለው ስታዲየም የወንዶቹን ያሸነፈው ሞ ነው፤ የእኛ ታሪኩ በቀለ ሦስተኛ ወጣ። ብዙዎቻችን ያን ምሽት ከቴሌቪዥን ፊት ተናደን ነበር። በ2022 ግን ሞ ራሱ በቢቢሲ እውነቱን ተናገረ። ወላጅ ስሙ ሑሴን አብዲ ካሂን ነው። በዘጠኝ ዓመቱ ገደማ በሌላ ልጅ ስም ወደ እንግሊዝ አምጥተው፣ ምዕራብ ለንደን ውስጥ ሰው ቤት የሌላ ሰው ልጆች እንዲጠብቅና ሥራ እንዲሠራ አደረጉት። ትምህርት ቤት ሲገባ እንግሊዝኛው እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ሩጫውን ያየው የስፖርት አስተማሪው አለን ዋትኪንሰን ነው። ልጁ ምስጢሩን የነገረው ለእሱ ነው፤ አስተማሪውም ከዚያ ቤት እንዲወጣና በኋላም ዜግነት እንዲያገኝ ረዳው። ሃውንስሎ ባለው የሰፈር ክለብ ውስጥም ሮጦ አደገ።

ይሄን የማነሳው “ልጃችሁ ሞ ፋራህ ይሆናል” ለማለት አይደለም። አይሆንም፤ መሆንም አይጠበቅበትም። የማነሳው ቋንቋ የሌለው ልጅ የሚያምነው ትልቅ ሰው ያገኘው በሩጫ በኩል ስለሆነ ነው። ልጆቻችን ቤት ውስጥ የማይነግሩን ነገር አላቸው። ቤተሰብም አስተማሪም ያልሆነ፣ በሳምንት ሁለቴ የሚያያቸው፣ ፊታቸው ሲጠቁር የሚያውቅ አንድ ሌላ ሰው ቢኖራቸው ትልቅ ነገር ነው። አገር ቤት ይሄን ሥራ አክስትና ጎረቤት ይሠራው ነበር። እዚህ አክስት ያለችው በስልክ ውስጥ ነው።

አንድ ነገር ተጠንቀቁ። “ኢትዮጵያዊ ነኝ” ያለ ልጅ ሁሉ ረጅም ርቀት እንዲሮጥ ይጠበቅበታል፤ የክፍል ጓደኞቹም እኛም እንጠብቃለን። ልጁ ቀርፋፋ ከሆነ የአገሩን ስም ያጎደፈ ይመስለዋል። የክለብ ጥሩነቱ አሎሎ ውርወራም፣ ከፍታ ዝላይም፣ ጦር ውርወራም፣ 100 ሜትርም ስላለ ነው። ልጅቷ አሎሎ መወርወር ከወደደች ትወርውር። የቀነኒሳን ዕዳ እሷ አልተበደረችም።

ወላጅ ምን ይሠራል?

ብዙዎቻችን ልጁን አድርሰን መኪና ውስጥ ስልክ እያየን እንጠብቃለን። “እንግሊዝኛዬ ምን ያደርግልኛል ብዬ እቀላቀላለሁ?” የሚል አለ። ግን በውድድር ቀን አሸዋውን ማስተካከል፣ ሜትሩን በአንድ ጫፍ መያዝ፣ ሻይ መቅዳት፣ መንገድ ላይ ቆሞ “በዚህ በኩል!” ብሎ ማመልከት ብዙ ቋንቋ አይጠይቅም። ክለቡ ደግሞ ሁልጊዜ ሰው ይጎድለዋል። ሁለት ሦስቴ ከሠራችሁ ስማችሁን ያውቁታል፣ ቀስ በቀስም አስተካክለው መጥራት ይማራሉ። ለዓመታት በአንድ ሕንጻ ኖረን የጎረቤታችንን ስም ለማናውቅ ሰዎች ይሄ ቀላል አይደለም። ልጁም እናቱ ሥራ ተሰጥቷት፣ ሰው ስትጠየቅ ያያል። ሁልጊዜ እሱ ለእሷ ሲያስተረጉም ከሚያይ ይሄ ይሻለዋል።

ችግሮቹም እውነተኛ ናቸው። እሑድ ጠዋት ቅዳሴ አለ፤ አንዳንድ ውድድር ደግሞ እሑድ ነው። ቅዳሜ የሚደረጉትን ብቻ መምረጥ ይቻላል፤ ለአሰልጣኙ አስቀድማችሁ ንገሩት። ልጃችሁ የሚጾም ከሆነ፣ ዐቢይ ጾምም ይሁን ረመዳን፣ ያንንም ንገሩት፤ ልምምዱን ያቀልለታል። መዋጮው ከከበዳችሁ ቅናሽ አለ ወይ ብላችሁ ሳታፍሩ ጠይቁ። የሚያሳስባችሁ የልጁ ደኅንነት ከሆነ፣ የክለቡ የልጆች ደኅንነት ኃላፊ ማን እንደሆነ፣ አሰልጣኞቹም ፈቃድና የወንጀል ማጣሪያ እንዳላቸው ጠይቁ፤ ደኅና ክለብ በዚህ ጥያቄ አይቀየምም። ለትንንሽ ልጆች ተራ መጠበቅ የተለመደ ስለሆነ ቶሎ ማስመዝገብ ነው።

ከየት እንጀምር?

ክለብ ቶሎ ከከበዳችሁ በፓርክራን ጀምሩ። ፓርክራን የተጀመረው በጥቅምት 2004 በደቡብ ምዕራብ ለንደን ቡሺ ፓርክ ውስጥ በ13 ሯጮች ነው። ዛሬ በብዙ አገሮች አለ፤ ለንደን ውስጥም በፊንስበሪ ፓርክና በሌሎች ብዙ መናፈሻዎች ይካሄዳል። ቅዳሜ ጠዋት በ3 ሰዓት (በእነሱ 9 ሰዓት) 5 ኪሎሜትር ነው። ክፍያ የለውም። አንዴ ትመዘገቡና የሚሰጣችሁን ባርኮድ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ፤ ስትጨርሱ ያነቡትና ሰዓታችሁን ይልኩላችኋል። መራመድ ይፈቀዳል። ከሁሉም ኋላ የሚሄድ አንድ በጎ ፈቃደኛ ተመድቧል፤ ስለዚህ “መጨረሻ እወጣለሁ” የሚል ፍርሃት ካለባችሁ ቦታው ቀድሞ ተይዟል። ዕድሜያቸው ከ11 በታች የሆኑ ልጆች ከአዋቂ ጎን ሳይርቁ መሮጥ አለባቸው። ከ4 እስከ 14 ዓመት ላሉት ደግሞ በአንዳንድ መናፈሻዎች እሑድ ጠዋት የ2 ኪሎሜትር የራሳቸው ሩጫ አለ።

ጥቂት ቅዳሜ ከሮጣችሁ በኋላ የየክለቡን ማሊያ ታውቁታላችሁ። አንዱን ጠጋ ብላችሁ “ልምምዳችሁ መቼ ነው?” በሉት። ብዙ ክለቦች ከመመዝገባችሁ በፊት መጥታችሁ እንድትሞክሩ ይፈቅዳሉ። ባለ ሚስማር ጫማ ለመግዛት አትቸኩሉ፤ ለመጀመሪያው ቀን ተራ የስፖርት ጫማ፣ ውሃና የዝናብ ጃኬት ይበቃል። ለልጁ ቅያሪ ካልሲ መያዝ ግን አትርሱ፤ የሐምፕስቴድ ጭቃ ቀልድ አያውቅም።