የቅጣት ወረቀትና ከርሱ በኋላ ያለው ዕዳ

ፍጥነት አብዝቶ የተቀጣ ሰው «ብሩን ከከፈልሁ ነገሩ አለቀ» ይላል፤ ነገር ግን አላለቀም። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የትራፊክ መቈጣጠሪያ ደንብ ቍጥር 208 ከገንዘቡ ሌላ በአሽከርካሪው ስም የጥፋት ነጥብ እንዲመዘገብ፥ ነጥቡም ሲደራረብ መንጃ ፈቃዱ እንዲታገድ አዘዘ። ስለ ምን ቢሉ፥ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬን የተያዘበት መኪና እስኪቆም የሚሄደው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናልና።

ከገንዳ ውኃ ሰሊጥ ጭኖ ወደ ጎንደር የሚወጣ ሾፌር ወረቀቱን ሲቀበል ስላለፈበት ሰዓትና ስለ ባለ ጭነቱ ቍጣ ያስባል፤ በዚያ ቈላ ከብቱን መንገድ ስለሚያሻግረው እረኛ ግን አያስብም። የወጣ ብር በሌላ ጭነት ይተካል፤ እረኛው ግን ለእናቱ ምትክ የለውም። ቅጣቱን ከፍሎ ፍጥነቱን ያልቀነሰ ሰው ደረሰኙን እንጂ ምክሩን አልተቀበለም።