ቀና ብዬ ያላየኋት ፒያሳ

ፒያሳ ተወልጄ ፒያሳ ያደግሁ ነኝ። ይህን ስናገር ደረቴን ነፋ አደርግ ነበር። የአራዳ ልጅ መሆን እኮ ቀላል ማዕረግ አይደለም! ባለፈው ቅዳሜ ግን ማዕረጌ ተገፈፈ። የገፈፈኝም ባዕድ ሰው ሳይሆን የዶርም ጓደኛዬ ነው።

ልጁ ከደሴ የመጣ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ከስድስት ኪሎ ወጥቶ ከአራት ኪሎ አላለፈም ማለት ይቻላል። «እስቲ ያን የምትመጻደቅበትን ሰፈርህን አሳየኝ» አለኝ። እኔም ደብተሬን ይዤ ወጣሁ። ደብተሩ የአያቴ ትእዛዝ ነው። በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያ የነበረው የቀበሌ ቤታችን ሲፈርስ አያቴ ከከተማው ዳር ወዳለ ኮንዶሚኒየም ገብተዋል። ጉልበታቸው ስለደከመ ከዚያ ወዲህ ፒያሳን አላዩም። «ምን እንደቆመ፣ ምን እንደወደቀ አይተህ ንገረኝ» ብለውኝ ነበር።

አራት ኪሎን አልፈን ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ቁልቁል ወረድን፤ ዳገቱንም ተያያዝነው። ሀገር ፍቅር ቲያትር ፊት ስንደርስ እንደ መምህር ጉሮሮዬን ጠራረግሁና «ማኅበሩ በ1927 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ ጣሊያን ለወረራ ሲዘጋጅ ሕዝቡን ለመቀስቀስ» አልኩ። ለፈተና ያጠናሁት ነው። ጓደኛዬ አዳመጠና «ለመሆኑ አንተ እዚህ ስንት ቲያትር አይተሃል?» አለኝ። አንድም! ሰዓቴን እንደማይ ሆኜ መንገዴን ቀጠልኩ።

ጣይቱ ሆቴል ደረስን። በ1898 ዓ.ም. የተሠራ፣ የአገራችን የመጀመሪያው ሆቴል ነው። በጥር 2007 ዓ.ም. እሳት ሲይዘው ልጅ ነበርኩ፤ ጭሱን ከደጃችን ሆኜ አይቻለሁ። ጓደኛዬ የእንጨት ሰገነቱን አንጋጦ እያየ «ይህን ማን ጠረበው?» አለኝ። የፒያሳ የጥንት ቤቶች ሰፋፊ በረንዳና ባለ ቅርጽ እንጨት ያላቸው የአርመንና የሕንድ ባለሙያዎች እጅ ስላለባቸው እንደሆነ አንብቤያለሁ። አዎ፣ አንብቤያለሁ። በዚያ ደጃፍ ግን በቀን ሁለቴ ሳልፍ አንድ ቀን ቀና ብዬ አይቼው አላውቅም።

ከዚያ የቤታችንን ቦታ ላሳየው ፈለግሁ። ታዲያ ከየት ልጀምር? ቧንቧው የለ፣ ሱቁ የለ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፈው ቅያስ የለ። ሰፊ መንገድና የተከለለ ሜዳ ብቻ! ዓይኔን ጨፍኜ የማገኘውን ቤት ዓይኔን ከፍቼ አጣሁት። አንባቢ ሆይ፣ አላጋንንም፤ ያ ቤት የጭቃ ቤት ነበር። ጣሪያው ያፈሳል፤ ሽንት ቤቱ ለስምንት አባወራ አንድ ነው። ቅርስ ነበር ብል ሐሰት ይሆንብኛል። ነገር ግን ሰው በተወለደበት ሰፈር መንገድ ሲጠፋው ምን ይባላል? ጓደኛዬም ገብቶት መሰለኝ ምንም አልጠየቀኝም።

በየካቲት 2016 ዓ.ም. የተመረቀውን የዓድዋ ድል መታሰቢያ አልፈን ማዘጋጃ ቤቱ ፊት ቆምን። በደብተሬ እንዲህ ጻፍኩ፦ «ማዘጋጃ ቤት፤ ምረቃ 1957 ዓ.ም.፤ አርክቴክት አርቱሮ ሜዜዲሚ፤ የአፍሪካ አዳራሽንም የሠራ።» ከዚያ ወደ ምኒልክ ሐውልት ወጣን። ሐውልቱ በጥቅምት 1923 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ በዓል ዋዜማ ተገለጠ። ጣሊያን ሲገባ ነቅሎ ቀበረው፤ ከነጻነት በኋላ ተመልሶ ቆመ። ፈረሱ እነሆ ዛሬም የፊት እግሮቹን እንዳነሳ ነው።

የመጨረሻው ውርደቴ ጊዮርጊስ ላይ ሆነ። የዘውዲቱና የኃይለ ሥላሴ ዘውድ የተጫነበት፣ በ1929 ዓ.ም. ጣሊያን ያቃጠለው ቤተ ክርስቲያን መሆኑን ካስረዳሁ በኋላ «እንደምታየው ክብ ነው» አልኩ። ጓደኛዬ ዝም ብሎ ዙሪያውን ዞረና «ስምንት ማዕዘን ነው እኮ!» አለኝ። ክርስትና የተነሳሁበት ደብር! ሃያ ዓመት ተሳልሜዋለሁ፤ ማዕዘኑን ግን አንድ ቀን ቆጥሬው አላውቅም።

በማግስቱ ደብተሬን ይዤ አያቴ ዘንድ ሄድኩ። ቡና እያፈሉ ነበር። የቆመውን ሁሉ በየተራ አነበብኩላቸው። የቤታችንን ነገር ሲጠይቁኝ ግን ልዋሽ አሰብኩና አፌ እምቢ አለኝ። «ሜዳ ሆኗል» አልኩ። ጀበናውን ከእሳቱ አውርደው ትንሽ ዝም አሉና «ቀጥል» አሉኝ። ማዘጋጃ ቤቱ ጋ ስደርስ ግን አቋረጡኝ።

«ማን ሠራው አልክ?»

«ሜዜዲሚ የሚባል ጣሊያናዊ።»

«እኔም ሠርቼዋለሁ» አሉ እየሳቁ። «አባትህን ሳልወልደው ነው። አሸዋ ስናመላልስ ከርመናል። ማታ ማታ አንገቴ አልዞር ይለኝ ነበር።»

እስክሪብቶዬ ከእጄ ወደቀ። «እማማ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ለምን አልነገሩኝም?»

«መቼ ጠየቅኸኝ?»

መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም። እኛ የሥነ ጽሑፍና የታሪክ ተማሪዎች ነን ባዮች ታሪክን ከመደርደሪያ ስናወርድ እንውላለን። የመሐንዲሱን ስም እንሸመድዳለን፤ አሸዋ ተሸካሚዋ ግን ቡና ቀድታልን እየጠጣን ነው! ግንብ ቢፈርስ ፎቶው ይቀር ይሆናል። አያቴ የሚያውቁት ግን ከአያቴ ጋር ነው የሚሄደው።

ስለዚህ ጓደኞቼ፣ ቅዳሜ ጊዜ ካላችሁ በእግራችሁ ወደ ፒያሳ ውረዱ፤ ቀናም በሉ። እሑድ ደግሞ ቤት ሄዳችሁ ጠይቁ። እኔ ጀምሬያለሁ። ደብተሬ ላይ ከሜዜዲሚ ስም ሥር አንድ ስም ጨምሬ ጽፌያለሁ። ፊደል ስለማያነቡ አነበብኩላቸው። «እስቲ ድገመው» አሉኝ።